ለእርሱ እግር የተለካ ፔዳል

በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ከተማ ሚሽን ቤይ የሚባል ጸጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ አለ። ሃያኛውን የጋብቻ ዓመታችንን ስናከብር እኔና ባለቤቴ እዚያ በፔዳል የምትሄድ ካያክ፣ ማለትም ጠባብ ጀልባ፣ ተከራየን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበቴን አመመኝ። እርሱ ደስ ብሎታልና ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ወደ ኩርፊያ ተለወጠ። ለካስ የእኔም ፔዳል በእርሱ ረጅም እግር ልክ ተስተካክሎ ኖሯል!

እናንተ ስትሄዱ ከዳር ሳትርቁ ፔዳሉን ለየራሳችሁ አስተካክሉ፤ እግር ሲዘረጋ ጉልበት ጥቂት መታጠፍ አለበት። ጀርባችሁን አስደግፉ፣ በዝግታ ጀምሩ፣ በኃይል አትርገጡ፣ በየመሀሉ እረፉ። የሚወጋ ሕመም ከተሰማችሁ አቁሙ። ከሁሉ በፊት ግን ሳትቆዩ “አመመኝ” በሉ። እኔ በተናገርኩ ጊዜ ባለቤቴ ወዲያው ወደ ዳር መለሰንና ፔዳሉን አስጠጋልኝ፤ ፀሐይ እስክትጠልቅም አብረን ተጓዝን።