ከሆለታ መንገድ እስከ ልጄ ምሳ ዕቃ

ልጅ ያላችሁ አንባቢያን ይህን ታውቁታላችሁ። በሱቅ በር ስታልፉ ልጃችሁ እጃችሁን ይጎትታል፤ ጣቱ የሚጠቁመው ደግሞ በር ላይ የተንጠለጠለውን የሚያብረቀርቅ የቺፕስ ከረጢት ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ከረጢቱ ለምን በልጅ ዓይን ፊት እንደሚሰቀል አውቃለሁ። በአየር የሚነፋው ቺፕሱ እንዳይሰባበር ነው፤ ትልቅ መስሎ መታየቱም ሻጩን አይከፋውም። ይህን ሁሉ ማወቄ ግን የስድስት ዓመት ልጄን አንድ ቀን እንኳ ከሱቁ በር አላስነሳልኝም።

ስለዚህ ቺፕሱን ቤት ልሠራለት ተነሣሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ አልሰመረም። ፍሪጅ ውስጥ የሰነበተ ድንች ከትፌ ጠበስኩ፤ ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ጠቆረ። ልጄ አንዱን ቀምሶ ወደ ሳህኑ መለሰው። እናቴ ይህን ስታይ ሳቀችና «ድንችማ ከአገሬ ነው የሚገዛው» አለች። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ወደ ሆለታ ጉዞ ጀመርን።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። በአስኮ በኩል ወጥታችሁ ቡራዩን ካለፋችሁ ከተማው ቀስ በቀስ ይለቃችኋል። የገፈርሳ ግድብ ውሃ ብልጭ ይላል፤ በግራ በኩል የወጨጫ ተራራ አብሯችሁ ይጓዛል። መናገሻን ስታልፉ ማሳው ግራና ቀኝ ይዘረጋል። ሆለታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። ድንች የሚወደው እንዲህ ያለውን ደጋ ነው።

ድንች የአገራችን ጥንታዊ ሰብል ይመስለኝ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነና ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1858 እንደነበር ይጻፋል። ዛሬ ገበሬው የሚዘራቸው እንደ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች የወጡት ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። በለጠ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። እኔ በሙያዬ ለአንድ ምርት ስም ለማውጣት ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ «በለጠ»ን የሚበልጥ ስም ግን አላገኘሁም።

ከተማዋ ሳንደርስ መንገድ ዳር ድንች በባልዲ የደረደሩ ሴቶች አየንና ቆምን። እናቴ በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ስትጀምር ፊቷ ወጣት ሆነ። ከቀይ አፈር ነው ከጥቁር፣ መቼ ተቆፈረ፣ ስትል ጠየቀች። አንዱን አንሥታ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ጠንካራውን መረጠች፤ ያቆጠቆጠውንና ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነውን ወደ ጎን አደረገች። እናንተም አረንጓዴውን ተዉት፤ ይመርራል፣ ለጤናም ጎጂ ነው። ስለ ፍሪጁ ስነግራት ሻጯ በመገረም አየችኝ። ድንች ቅዝቃዜ ሲነካው ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስኳሩ ደግሞ ድንቹ ሳይደርቅ በዘይት ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል። ቦታው ጨለማና አየር የሚያገኝ ጥግ ነው።

መኪና ውስጥ እናቴ ስለ ልጅነቷ አወራችን። እህል ሳይደርስ፣ ጎተራ ሲጎድል፣ ክረምቱን የሚያሻግራቸው ድንች ነበር። ያኔ አንድ የቆየ ነገር ከአፌ ወጣ። ተማሪ ሳለሁ በምሳ ዕቃዬ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ትቋጥርልኝ ነበር። ጓደኞቼ እንዳያዩብኝ አፍሬ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ እሰጠው ነበር። ሃያ ዓመት አልፎት ነው የነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ሰውየው ‹ልጅዎ እንዴት ደግ ናት› እያለ ያመሰግነኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት እየጨመርኩ ነው የላክሁት፤ ምናልባት አንዱን ትበላ እንደሆን ብዬ።»

እስከ ቡራዩ ድረስ ምንም አልተናገርኩም።

ማታ ወጥ ቤት ገባን። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦ አራት መካከለኛ ድንች ላጡና በመፈቅፈቂያው ስለታም ጎን ወረቀት አስመስላችሁ ቁረጡ። በቀዝቃዛ ውሃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ለዋውጡ፤ የሚወጣው ነጭ ነገር ስታርቹ ነው። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ አንድ በአንድ አድርቁት። ይህን አትዝለሉ፤ እርጥብ ድንች ዘይት ያፈናጥራል፣ ለስልሶም ይቀራል። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ አይለፍ። አንድ ቁራጭ ጣል ስታደርጉ ወዲያው አረፋ ይዞ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ጥቂት ጥቂቱን ጥበሱ፤ አረፋው ሲቀንስና መልኩ ወርቃማ ሲሆን አውጡት፤ እስኪጠቁር አትጠብቁ። ሶፍት ላይ አንጠፍጥፉና ትኩስ ሳለ ጨው ነስንሱበት። ልጆች መዘፍዘፉንና ማድረቁን ይርዱ፤ ከዘይቱ ግን ይራቁ።

የመጀመሪያው ሳህን ሲወጣ እናቴ አንድ አንሥታ ነከሰች፤ ኮሽ አለ። «ያ ድንች ነው እንዲህ የሆነው?» አለችና የሚጥሚጣውን ብልቃጥ ፍለጋ ተነሣች።

ሰኞ ልጄ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዞ እያኮረፈ መጣ። ጓደኞቹ ተሻምተው ጨርሰውበት ነው። እናቴ ምሳ ዕቃውን ከእጁ ተቀብላ ከፍታ አየችው፤ ወደ እኔ ዞራም «ነገ ሁለት እንጨምርለታለን» አለች።

ያን ማታ አንድ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። እፊቷ ቁጭ ብዬ በላሁት።