ዒድን በጅሬን፦ ከእናታችን ጋር በአባ ጅፋር ግቢ



የዒደል አድሐ በዓል በአንድ ቀን የሚያበቃ አለመሆኑ ይታወቃል። ከዒዱ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ የተሽሪቅ ቀናት የመብል፣ የመጠጥና አላህን የማውሳት ቀናት መሆናቸውን ዑለማዎቻችን ያስተምሩናል። ነገር ግን በነዚህ ቀናት በየቤቱ የምናየው ምንድን ነው? ልጆች በቴሌቪዥንና በስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ፤ አዋቂዎች በእንቅልፍ ያሳልፉታል፤ ያረጁ ወላጆቻችን ደግሞ ከአንድ ጥግ ተቀምጠው የሚያናግራቸው ይጠብቃሉ። በዓሉ የጋራ ሆኖ ሳለ ትውልዱ ግን ለየብቻው ያከብረዋል።

ለዚህ አንዱ መፍትሔ አብሮ መውጣት ነው። እኛም ዒዱን ጅማ ከዘመድ ቤት አክብረን፣ በማግስቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናታችንንና ልጆቹን ይዘን ወደ ጅሬን ወጣን።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ጅሬን ደግሞ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለ ኮረብታ ሲሆን፣ የጅማ ነገሥታት መቀመጫ የነበረ ቦታ ነው። የእናታችን ጉልበት ስለደከመ ዳገቱን በባጃጅ ወጣነው። ከበሩ እስከ ግቢው ያለውን ግን «በእግሬ ነው የምገባው» ስላሉ ታላቁ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ በዝግታ ገቡ።

የጅማ መንግሥት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ አካባቢ ከተመሠረቱት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። ጅሬንን ያስጠሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር የነገሡት እ.ኤ.አ. በ1878 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1932 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ስማቸው ከጅማ ጋር አብሮ ኖሯል። በዘመናቸው እስልምና በአገሩ ተስፋፍቷል፤ ዑለማዎችም ይከበሩ ነበር።

እንደ ጎንደር ያለ የድንጋይ ግንብ ጠብቆ የሚሄድ ሰው ጅሬን ሲደርስ ይገረማል። ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነውና። ፎቅና ደረጃው፣ ሰገነቱና ምሰሶው ሁሉ የአናጢ እጅ ያረፈበት ነው። በአጠገቡም መስጊድ አለ። ሥልጣንና ዒባዳ ጎን ለጎን የቆሙበትን ይህን አሠራር ማየት ብቻውን ለልጅ ትልቅ ትምህርት ነው።

አስጎብኚው ስለ ንጉሡ እናት ስለ ጉሚቲ መናገር ሲጀምር ደረጃው ላይ አረፍ ብለው የነበሩት እናታችን ቀና አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲስፋፋ፣ ወጣቱ አባ ጅፋር ከጦርነትና ከስምምነት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ጉሚቲ ልጃቸው እንዳይዋጋ መከሩ፤ ልጅም ምክራቸውን ተቀበሉ። ጅማ ግብር እየከፈለች የውስጥ አስተዳደሯን ንጉሡ እስካለፉበት ዘመን ድረስ ይዛ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ1894 ወላይታ፣ በ1897 ደግሞ ከፋ በጦርነት ሲወድቁ የደረሰውን እልቂት ለሚያውቅ ሰው የዚያች እናት ቃል ምን ያህል ሕይወት እንዳተረፈ መገመት አያስቸግረውም። ሰላሙ ግን ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ከግብሩ ሌላ የጅማ ሠራዊት በወላይታው ዘመቻ ከምኒልክ ጦር ጋር ተሰልፏል።

እናታችን ወደ ልጆቹ ዞረው «ሰማችሁ? ንጉሥ እንኳ እናቱን ይሰማል» ሲሉ ልጆቹም አስጎብኚውም ሳቁ። በአል-ኢስራእ ምዕራፍ አላህ (ሱ.ወ.) እርሱን ብቻ ከመገዛት አስከትሎ ለወላጆች በጎ መዋልን ማዘዙን በመድረሳ ስንት ጊዜ ቀርተነዋል! ያን ዕለት ግን ትምህርቱ በእንጨት ደረጃ ላይ ተቀምጦ በአካል አነጋገረን።

ከሰገነቱ ላይ ሆነው ቁልቁል ያለውን አገር ሲመለከቱ፣ አንዱ ልጅ «አያቴ፣ ይሄ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው ስለ ሒርማታ ገበያ ነገረው። ያ ገበያ ለዛሬዋ ጅማ ከተማ መሠረት የሆነ ሲሆን ስሙ እስከ ዛሬ በከተማዋ ሰፈሮች ስም ውስጥ አለ። ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ከየአቅጣጫው እየመጣ ይሸጥበት ነበር። እናታችን ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ሰውም ይሸጥ ነበር፤ እናቴ ነግራኛለች። ይህንን እንጨት ማን ተሸክሞ ዳገቱን የወጣ ይመስላችኋል? ቤቱን ስታደንቁ የተሸከመውንም አስቡ» አሉ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እውነት ነው፤ ሒርማታ ከታወቁት የባሪያ ንግድ ማዕከሎች አንዱ ነበር። ስለ ሙስሊም ነገሥታት ስንጽፍና ስናስተምር ይህን ዘለን ማለፍ የሚያምረን አለን። ነገር ግን ባሪያን ነፃ ማውጣት ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ፣ ለበርካታ ጥፋቶችም ማካካሻ መሆኑን ያስተማረ ዲን ተከታዮች ነን። ለእውነት መመስከር፣ በራስ ወገን ላይም ቢሆን፣ ግዴታችን ነው። በታሪኩ የሚኮራ ትውልድ የምናሳድገው ጎዶሎውንም ስንነግረው ነው። አለበለዚያ ነገ ከሌላ ሰው ሲሰማው ኩራቱም እምነቱም ይናወጣል።

የዙህርን ሶላት ከሰገድን በኋላ እናታችን በጥላ ሥር ተቀምጠው ከእናታቸው የሰሙትን ሲያወጉ ልጆቹ ከበቧቸው። ቅቤ ተሸክሞ ወደ ገበያ መሄዱን፣ በመንገድ ማደሩን፣ የሰው እንግዳ መቀበሉን አወጉላቸው። ከዚህ ውስጥ በመጽሐፍ የተጻፈው ጥቂቱ ነው። ከአስጎብኚው የነገሥታቱን ታሪክ ሰማን፤ ግቢው ውስጥ ሳይገቡ ዳር ሆነው ያዩትን ሰዎች ታሪክ ግን የነገሩን እናታችን ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። እንጨት ካልተጠበቀ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይበላዋል፤ ስለዚህ የጅሬን ቤት የዘወትር እንክብካቤ ይፈልጋል። የአረጋውያን ትዝታም እንዲሁ ነው። የጎደለን ምሰሶ አናጢ ይተካዋል፤ ከእናት ጋር የተቀበረን ወግ ግን የሚተካ የለም።

ወደ ጅሬን ለመሄድ የምታስቡ ቤተሰቦች ክረምት የጅማ ዝናብ ስለሚበረታ በጧት ውጡ። ለአረጋውያን የሚቀመጡበትን ነገር ያዙ፤ አታቻኩሏቸው። ከንጉሡ ዕቃዎች የተወሰኑት በከተማው ሙዚየም ስለሚገኙ ሁለቱንም እዩ። ልጆች በግድግዳው ላይ ስማቸውን እንዳይጽፉ ምከሯቸው፤ በምትኩ ደብተር ስጧቸውና አያታቸው የሚሉትን ይጻፉበት። ጅማ ሩቅ የሆነባችሁም በየአካባቢያችሁ ያለውን የቆየ መስጊድ ወይም የአባቶች ቤት ከወላጆቻችሁ ጋር ሄዳችሁ እዩ፤ ጠይቋቸውም።

አላህ (ሱ.ወ.) ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ ላለፉትም ይማርልን፤ ሳንጠይቃቸው ከሚያመልጡን አያድርገን። ኣሚን።