ድምፅህ ይቅደም

የክሬኦሊንና የድርቆሽ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት ነኝ። ጊዜው 1982 ዓ.ም. ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ገና አሥር ዓመት ገደማው ነበር። በሰሜን ጦርነቱ ተፋፍሟል፤ ከሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ጣቢያ የሚነሱት ሚግ ተዋጊ አውሮፕላኖች ቆርቆሮውን እያንቀጠቀጡ ሲያልፉ በበረቱ ያሉት ላሞች ይበረግጋሉ።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። የላምን ሆድ አራት ክፍሎች በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ላም ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው የተግባር ቀን ከጓደኞቼ ልቅደም ብዬ፣ ቴርሞሜትሬን ይዤ፣ በአንዲት ዳማ ላም ኋላ በኩል ድምፄን አጥፍቼ ተጠጋሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እርግጫዋ ጭኔ ላይ አርፎ ግድግዳው ሥር ዘረረኝ።

ያነሱኝ ከብቶቹን የሚጠብቁት ሽማግሌ ናቸው፤ አባባ እንላቸው ነበር። አልተቆጡኝም። ሱሪዬን አራገፉልኝና፣ “ልጄ፣ እሷ ምን ታድርግ? በስተኋላዋ የቆመውን አታየውም። ጅብም የሚመጣባት በዚያው ነው። ድምፅህ ይቅደም፣ እጅህ ይከተል” አሉኝ።

ከዚያ አሳዩኝ። ገና ከሩቅ “አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ” እያሉ በጎን በኩል ቀረቧት። መዳፋቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ፤ ሳያነሱት በጀርባዋ እያሻሹ እስከ ዳሌዋ ወሰዱት። ሰውነታቸውን አስጠግተው ቆሙ፤ ለካ ለእርግጫ የሚመቸው ራቅ ብሎ የቆመ ነው። በዚያ መሀል ሚግ አለፈ። ሌሎቹ ገመዳቸውን ወጠሩ። የዳማዋ ቆዳ ከመዳፋቸው ሥር ተርገበገበ፣ ረጋ፤ ጥቂት ቆይታም ማመስኳት ጀመረች። “አየህ፣ ስታመሰኳ ፈቅዳልሃለች” አሉኝ።

ያቺን ቃል ይዤ ነው ገጠር የወጣሁት። ደስታ የሚባለውን የከብት በሽታ ለመከላከል መንደር ለመንደር ስንከትብ፣ ማጎሪያ በሌለበት ሜዳ በሬውን ቀንድና አፍንጫውን ይዞ የሚያቆምልን ባለቤቱ ነበር። መርፌው ከቆዳ ሥር ገብቶ እስኪወጣ ቅጽበት ነው፤ በሬው ከደነበረ ግን የሰው ጎድን ይሰበራል። ያ በሽታ በምኒልክ ዘመን በሬውን ጨርሶ ክፉ ቀን ያመጣው ነው። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ እንባዬ መጣ። ክትባቱን የሠሩት ሊመሰገኑ ይገባል፤ ወደ እኔ ዓይነ ሕሊና ግን የመጡት በሬያቸውን “አይዞህ” እያሉ ቀንድ ይዘው የቆሙት ገበሬዎች ናቸው።

ዛሬ የማስተምረው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን መርፌም ቴርሞሜትርም አላስይዝም። ገመድ እጃቸው ላይ እንዳይጠመጥሙ፣ ባንድ ሳብ የሚፈታ ቋጠሮ እንዲቋጥሩ አሳያለሁ፤ ከዚያ መቅረብን ብቻ እናጠናለን። ባለፈው አንዲት ተማሪ እጇ እየተንቀጠቀጠ የአንዲት ላም ትከሻ ላይ ደረሰች። “አውሪያት” አልኳት። ምን እንደምትላት ግራ ገባትና የእናቷን የቡና ወሬ ታወራት ጀመር። ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ላሚቱ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ መለሰች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፤ መንጋጋዋም ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ።