ከዘይቱ ቁጥር ይልቅ ጀርባው ላይ ያለው ፊደል

ሐደራ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሩጫዋ ሌላ ነው። ሰንበት ሳይገባ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ሁሉም ይጣደፋል። የምግብ ሳጥን የጫኑ ስኩተሮች ከመሃል ከተማ ወደ ጊቭዓት ኦልጋ፣ ከዚያም ወደ ቤት ኤሊዔዜር ይከንፋሉ። ከነጂዎቹ መካከል የእኛ የኢትዮጵያውያኑም ልጆች አሉ። በእስራኤል ሕግ 16 ዓመት የሞላው ልጅ እስከ 14.6 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ሳይክል የሚያገለግለውን ኤ2 መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይችላል፤ የተለመዱት 125 ሲሲ ስኩተሮች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እናት «ሄልሜትህን አድርገሃል ወይ?» ትላለች፣ አባት «ኢንሹራንሱ ተከፍሏል ወይ?» ይላል። ስለ ዘይቱ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም፤ ሞተሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ እስኪል ድረስ።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የዘይቱ መጠን ነው። አንድ የቤት መኪና አራት ሊትር ገደማ ዘይት ይይዛል። ከዚያ ላይ ሩብ ሊትር ቢጎድል ሞተሩ ብዙም አይደነግጥም። ትንሽ ስኩተር የሚይዘው ግን አንድ ሊትር ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው፤ ሩብ ሊትር ከጎደለው ሩብ ሀብቱ ሄደ። ያችው ትንሽ ዘይት በመንገድ ቁጥር 2 ላይ ወደ ቴል አቪቭ ሲከንፍ በደቂቃ ሺሕ በሺሕ እየዞረ የሚጮኸውን ሞተር ታለሰልሳለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ እድፉንም ታጥባለች።

ሙሳክ (ጋራዥ) ደጃፍ ላይ ያለው ክርክር ግን ሁልጊዜ የሚጀምረው በቁጥር ነው። 10ደብልዩ-40 ይሻላል ወይስ 20ደብልዩ-50? ኢትዮጵያ ሳለ ባጃጅ ቦክሰር የነዳ ሰው 20ደብልዩ-50 ለምዷል፤ በአየር ለሚቀዘቅዘው ለዚያ ሞተር አምራቹ የሚያዘውም እሱን ነው። እዚህ መጥቶ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ 10ደብልዩ-30 የሚል ሲያነብ «ይሄማ ውኃ ነው» ይላል። የፊተኛው ቁጥር የሚናገረው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ነው። 10ደብልዩ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ 20ደብልዩ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በፓምፕ መገፋት መቻል አለበት። ሐደራ ባሕር ዳር ናት፤ እንዲህ ያለ ብርድ በሕልሟም አታየው። ሌሊት ውርጭ የሚጥልባት ደብረ ብርሃን እንኳ ከዚያ ልክ ብዙ ትርቃለች። ስለዚህ የፊተኛው ቁጥር እዚህ ያን ያህል የሚያጣላ አይደለም።

የኋለኛው ቁጥር ይበልጥ ይመለከተናል፤ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል ወፍራም እንደሚሆን ይነግረናልና። አምራቹ 30 ካለ 50 መጨመር ደግነት አይደለም። ጠባቡን የዘይት መንገድ እንዲያዳርስ ተብሎ የተሰላ ፓምፕ ወፍራሙን ሲገፋ ይደክማል፣ ነዳጅም ይበላል።

አሁን ጠርሙሱን አዙሩት። ሞተር ሳይክልን የሚያድነውና የሚገድለው ጀርባው ላይ በደቃቅ የተጻፈው ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ ብዙውን ጊዜ የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። በመኪና እነዚህ ቤታቸው የተለያየ ነው። የመኪና ዘይት ሠሪዎች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሉ መፋተግን የሚቀንሱ ቅመሞች ይጨምራሉ። ለመኪና መልካም ነው፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን ግን መፋተግ እንጀራው ነው። ስለዚህ የጃፓን አምራቾች በ1998 ጃሶ የተባለውን የአራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት መለኪያ አወጡ። «ኤም.ኤ.» የተባለው ፍሪሲዮን እንዳይንሸራተት የሚይዝ ነው፤ «ኤም.ኤ.2» ደግሞ ከዚያ መደብ ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ነው። «ኤም.ቢ.» መፋተጉ ዝቅ ያለ ነው።

ማርሽ በእግር የሚቀየርለት ሞተር ሳይክል ላይ «ኤም.ቢ.» ወይም ነዳጅ ቆጣቢ የመኪና ዘይት የጨመረ ሰው ጉዳቱን ወዲያው ላያየው ይችላል። የሐደራ መንገድ ሜዳ ነው። ወደ ዚክሮን ያዕቆብ ወይም በመንገድ ቁጥር 65 ወደ ዋዲ ዓራ ሽቅብ ሲወጣ ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም። ያ ፍሪሲዮኑ መንሸራተቱ ነው። የመኪናው ዘይት ላይ «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚል ምልክት ስለሌለ ብቻም ለሞተር ሳይክል ይሆናል ማለት አይደለም፤ ያ ምልክት የኋለኛ ቁጥራቸው ከ30 በላይ በሆኑ ዘይቶች ላይ ብዙውን ጊዜ አይገኝም።

ስኩተር ሌላ ነው። ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፣ ኃይሉ በቀበቶ ይሄዳል፣ የሞተሩ ዘይት አይነካውም። ስለዚህ ለብዙ ስኩተር አምራቹ ራሱ «ኤም.ቢ.» ያዛል። አንድ ቤት ውስጥ ስኩተርም ሞተር ሳይክልም ካለና የሚገዛው ጠርሙስ አንድ ብቻ ከሆነ፣ የቁጥሩ ልክ ለሁለቱም ከተስማማ፣ «ኤም.ኤ.» ስኩተሩ ላይ ጥቂት ነዳጅ ከማባከን በቀር አይጎዳም፤ «ኤም.ቢ.» ሞተር ሳይክሉ ላይ ግን ይጎዳል። ስኩተር ያላቸው የሚረሱት ሌላም ነገር አለ፦ ከኋላ ጎማው አጠገብ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ የማርሽ ዘይት። ጥቂት ስለሆነ ዓመታት ሳይቀየር የሚቀርበት ስኩተር ብዙ ነው።

የሞተሩን ዘይት ልክ ማየት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሞተር ሳይክሉ በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ ሲለካ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፤ ሞልቶ ሳለ የጎደለ፣ ጎድሎ ሳለ የሞላ ይመስላል። ደልዳላ መሬት ላይ በመሃል መቆሚያው ወይም በሰው ተደግፎ ቀጥ ይበል። ሞተሩ ለሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይነሣ፣ ከዚያ ይጥፋ፣ ዘይቱ ወደ ታች እንዲወርድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠበቅ። መለኪያው በጨርቅ ተጠርጎ ይገባል፤ በብዙ የሆንዳ ሞዴሎች ግን ዞሮ ሳይታሰር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ አርፎ ብቻ ነው የሚነበበው። አስሮ የሚያነብ ሰው ዘይቱ ያለ ስለሚመስለው ጎድሎ ይነዳል። መስታወት ያለው ሞዴል በሁለቱ መሥመሮች መካከል ይታያል። ከላይኛው መሥመር አልፎ መሙላት ደግሞ ጥንቃቄ የሚመስል ጥፋት ነው፦ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻው ወደ አየር ማጣሪያው ይወጣል፣ ጓርኒሲዮኑንም ያስጨንቃል።

«ጠቁሯል፣ ይቀየር» የሚል ፍርድ ብቻውን አይበቃም፤ ዘይት እድፍ ሲያጥብ ይጠቁራል፣ ሥራው ነው። የሚያስደነግጠው የወተት ቡና መምሰሉ ነው፤ ውኃ ገብቷል። ክረምት ላይ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ ስኩተር ክዳኑ ሥር እንዲህ ያለ ነገር ሊያበጅ ይችላል፤ ረዘም ያለ ጉዞ ሲያገኝ ይተናል። ካልጠፋ ወደ መካኒክ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ማለቱ፣ ወይም በጣት ሲታሽ የሚያብለጨልጭ ብረት መገኘቱም እንዲሁ።

ምግብ ለሚያደርሱት ልጆች ኪሎ ሜትሩ ራሱ ይዋሻል። ቆጣሪው ጎማውን እንጂ ሞተሩን አይቆጥርም። ምግብ ቤት ደጅ፣ መብራት ላይ፣ ፎቅ ሥር ሳይጠፋ የሚጠብቅ ስኩተር ሳይንቀሳቀስ ይሠራል፣ ዘይቱም ያረጃል። አምራቾች እንዲህ ያለውን ሥራ ከባድ አጠቃቀም ይሉታል፤ መቀየሪያውም ከተጻፈው ርቀት አስቀድሞ ይሆናል። አዲስ ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ ብዙውን ጊዜ 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እሱን መዝለል አያዋጣም።

ስለ ዋጋ የሚነሣው ክርክር ያን ያህል ዋጋ የለውም። መጽሐፉ ያዘዘውን ቁጥርና ፊደል የያዘ መካከለኛ ዘይት በሰዓቱ ሲቀየር፣ ዓመት ሙሉ ከተረሳ ውድ ሲንተቲክ ይበልጣል። የዓመቱ ቴስት ይይዘዋል ብሎ መዘናጋትም የለም፤ ቴስት የሚያየው ፍሬንን፣ መብራትን፣ ጎማን የመሰለውን ነው።

ቤቱ ውስጥ የሚቀይር ሰው አሮጌውን ዘይት በጠርሙስ ይዞ ወደ ሙሳክ ይውሰድ። መንገድ ዳር ካለው የዝናብ ውኃ መውረጃ ውስጥ የፈሰሰ ነገር መድረሻው የሐደራ ወንዝ፣ ከዚያም ኦሮት ራቢን የኃይል ማመንጫ አጠገብ ክረምት ክረምት ሻርኮች የሚሰበሰቡበት ባሕር ነው።

ለወላጆች የሚቀር አንድ ልመና አለ። መጽሐፉን በዕብራይስጥ ማንበብ ከከበዳችሁ ልጁ ያንብብላችሁ፤ የዘይቱን ቁጥርና ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪስ ውስጥ ያዙ። ሙሳክ ስትሄዱም ሂሳቡ ላይ «ዘይት» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፣ የትኛው ዘይት እንደተጨመረ ሙሉ ስሙን አስጽፉ።