ከልጄ ጆሮ በስተኋላ

ልጄ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ጸጉሯን ስትሠራት ጣቶቿ ከቀኝ ጆሮዋ በስተኋላ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤ በዚያ ስፍራ ከቆዳዋ ሥር ባቄላ የሚያህል ጠጣር ነገር አለና። ከእርሱም ተነሥቶ አንድ ቀጭን ቧንቧ በአንገቷና በደረቷ አልፎ እስከ ሆድ ዕቃዋ ይወርዳል። የሚጠይቀንን ሰው ሁሉ «እባጭ ነው» እያልን ስንሸኝ ኖረናል። አሁን ግን ነገሩን እንደ ሆነው መጻፍ ወደድሁ።

በተወለደች ዕለት አዋላጇ ከወገቧ ላይ ቆዳ ያልሸፈነው እብጠት አሳየችን። ሐኪሞች ስፓይና ቢፊዳ ይሉታል፤ ይኸውም ፅንሱ በማሕፀን ሳለ የጀርባው አጥንት ሳይገጥም ቀርቶ ኅብለ ሰረሰሩ ያለ መከለያ የሚቀርበት ነው። መግጠም የሚገባው እስከ 28ኛው ቀን ገደማ ስለሆነ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነገሩ ያልቃል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1991 የታተመ የእንግሊዝ ሐኪሞች ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምሮ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቪታሚን ቢወስዱ፣ ዳግመኛ የሚደርሰው ጉዳት ከመቶ 72 እጅ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህን ለባለቤቴ ባነበብሁላት ማታ እራት አልበላችም። ማንበቤን እስከ ዛሬ እጸጸታለሁ።

ጀርባዋን በሁለተኛው ቀን ዘጉላት። ወር ሳይሞላ ግን ራሷ ያለ ልክ ያድግ ጀመር፤ ዓይኖቿም ወደ ታች ተገፉ። በአንጎላችን ውስጥ አራት ጓዳዎች አሉ፤ በእነርሱም የጠራ ውኃ ይመነጫል፤ በዐዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ነው። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ የመነጨው ያለ ማቋረጥ ወደ ደም መመለስ አለበት። መውረጃው ሲዘጋ ውኃው ይጠራቀማል፤ የሕፃን ራስ ቅል ገና አልገጠመምና ይለጠጣል፤ አንጎሉም ይጨፈለቃል። ስለዚህ በቀዶ ጥገና ቧንቧ አስገብተው ውኃውን ወደ ሆድ ያወርዱታል። ሐኪሞቹ ቧንቧውን ሸንት ሲሉት እናቴ ሰምታ «ልጄ፣ ከራሷ ሽንት ሊቀዱ ነው?» ብላ ደነገጠች።

ሐኪሙ «ካስመለሳት፣ እንቅልፍም ካበዛች ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናልና ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት» ብሎ ነግሮን በወረቀት ላይ አስፈረመኝ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ነኝ፤ በየቀኑ ስለምፈርም ይህንም እንደ ሌላው ወረቀት ፈረምሁት።

ዓመት ከሁለት ወር ሲሆናት አንድ ሰኞ ጧት አስመለሳት። አማቴ ጥርስ ነው አሉ፤ ጎረቤት ደግሞ ዓይን ነው አለ። ወሩ ሰኔ ነበረና የበጀት መዝጊያ ቆጠራ ስለነበረብን ወደ ቢሮ ሄድሁ። ማታ ስመለስ ተኝታ ነበር፤ ብጠራት ዓይኗን ገለጠች እንጂ ወደ እኔ አላየችም። በዚያው ሌሊት ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለውን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ያለ ንግግር ሄድን። ሳይነጋ ቧንቧውን ለወጡላት፤ ዳነችም። ዓይኗ ግን ከዚያ ወዲህ ደክሟል፤ ሥዕል የምታየው ወረቀቱን ከአፍንጫዋ አስጠግታ ነው። ያን ሰኞ ወደ ቢሮ የሄድሁት እኔ ነኝ።

ይህን ቧንቧ ማን እንደ ሠራው መፈለግ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጆን ሆልተር በአሜሪካ በፊላዴልፊያ የቁልፍ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር እንጂ ሐኪም አልነበረም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1955 የተወለደለት ልጅ እንደ ልጄ ጀርባው ያልገጠመና በራሱ ውስጥ ውኃ የተጠራቀመበት ነበር። በዚያን ጊዜ ውኃው የሚወርደው ወደ ልብ በሚገባ የደም ሥር ስለነበረ፣ ደሙ ወደ ቧንቧው እየተመለሰ ይደፍነው ነበር። ሆልተርም ዩጂን ስፒትዝ ከተባለው ቀዶ ሐኪም ችግሩን ተረድቶ በአንድ በኩል ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ከሲሊኮን ሠራ፤ በ1956ም ለሕሙማን መተከል ጀመረ። የእርሱ ልጅ ግን ልጅነቱን ሳይጨርስ ሞተ። ሆልተር መዝጊያውን መሥራቱን አልተወም። የዚህን ሰው ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የራሴ ብዕርና የቆጠራ ቅጽ ያሳፍሩኛል።

በዘመናችንም ከልጆች ቧንቧዎች ግማሽ ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ይበላሻሉ። ከሐኪም ቤት ርቆ ለሚኖር ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ቤንጃሚን ዋርፍ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በኡጋንዳ በምባሌ ከተማ ሲሠራ ይህን ተመልክቶ፣ ቧንቧ ከመትከል ይልቅ በቀጭን መመልከቻ ወደ አንጎል ጓዳ ገብቶ ለውኃው አዲስ መውጫ የመብሳትን፣ የሚያመነጨውንም ሥጋ የመተኮስን ብልሃት አጣምሮ አስፋፋ። በ2017 የታተመው የምባሌ ጥናት ሁለቱን ሕክምናዎች ሲያስተያይ፣ ከዓመት በኋላ በሕፃናቱ አእምሮ እድገት ጉልህ ልዩነት አላገኘም። እኔም ሐኪማችንን «ለእርሷስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በደኅና የሚሠራን ቧንቧ አንነካም» አለኝ።

ስለዚህ በየጧቱ ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ «እኔ ማን ነኝ?» እላታለሁ። ዛሬም ጠየቅኋት። «አባዬ፣ ትናንት ነግሬህ የለ!» አለችና ብርድ ልብሱን ተከናነበች።