ለእኅቴ የመረጥሁት መጽሐፍ

ታላቅ እኅቴ በሞጣ የበኩር ልጅዋን በተገላገለች ጊዜ፣ ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ እያለቀሰ እንቅልፍ እንደ ነሣት ሰማሁ። እኔም ስለ ሕፃናት አስተኛኘት የሚያስረዳ መጽሐፍ ፈልጌ ላነብላት አሰብሁ። በቢቸና ከአንድ መምህር እጅ ያገኘሁት የአሜሪካዊው ሐኪም የቤንጃሚን ስፖክ መጽሐፍ አሮጌ እትም ነበር። መጽሐፉ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። እናቶችን ሳይቆጣ በለዘበ አንደበት ስለሚመክር ወደድሁት፤ ደግሞም ማን ነው አራስን የሚቆጣ? ነገር ግን ሕፃን በሆዱ ይተኛ የሚል ምክር አገኘሁበት። ይህ ምክር በ1956 እትም የገባ ነው። በሆድ መተኛት ለሕፃናት ድንገተኛ ሞት እንደሚያጋልጥ በኋላ ስለ ታወቀ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ አሳሰበ።

መጽሐፉን ለባለቤቱ መልሼ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። እናታችን ሕፃኑን ታቅፋ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች እሹሩሩ ትለው ነበር። ብዙም ሳይቆይ አንቀላፋ።

«መጽሐፉስ?» አለች እኅቴ።

«የታተመበትን ዘመን አይቼ ተውሁት» ብዬ ምክንያቱን ነገርኋት።

ሕፃኑን በሆዱ ልታስተኛ ያጎነበሰችው እናታችን ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያም ምንም ሳትናገር፣ ቀስ አድርጋ በጀርባው አስተኛችው።