ሞጆ ላይ ሦስት ሰዓት

እማዬን ለዓይን ሕክምና ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ያመጣኋት በየካቲት 2017 ዓ.ም. ነው። ትንሿን የኤሌክትሪክ መኪናዬን፣ ቢዋይዲ ሲጋልን፣ ከገዛሁ ገና ዘጠኝ ወሬ ነበር። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ የከለከለው 2016 ላይ ነው፤ እኔም የገዛሁት በዚያው ዓመት ግንቦት ነው።

ከተማ ውስጥ እስካሁን አላስከፋችኝም። ከቤቴ ከአያት ሳሪስ ስመላለስ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ግቢ ውስጥ ሶኬት ላይ ሰክቻት አድራለሁ። ማደያ በር ላይ በሰልፍ ያለቁ ማለዳዎቼ ተመልሰውልኛል። ባትሪዋ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከቤት ሶኬት የምታገኘው ግን ከሁለት ኪሎ ዋት ብዙም አይበልጥም። ባዶዋን ብትሆን ለመሙላት 17 ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች። ስለዚህ መብራት በሚሄድበት ሰሞን ቤቱ የአራስ ቤት ይሆናል፤ ሌሊት 9 ሰዓት እነቃና የቻርጀሯ አረንጓዴ መብራት መብራቷን በመስኮት አያለሁ።

ወደ ሐዋሳ መሄዱ ቀላል ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ባቱ ስትደርስ ወደ 1,640 ትወርዳለህ። ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ (ስሙን እስካሁን አልለወጥንለትም) ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ይሆንና ለባትሪው ይመልስለታል። 275 ኪሎ ሜትር ነድቼ 23 ከመቶ ይዤ ገባሁ።

ችግሩ እማዬ ቤት ጀመረ። ስሰካት ቻርጀሯ ቀይ አበራች፤ የቤቱ መስመር ኧርዝ የለውም። ጎረቤት ያሉ የአልጋ ቤት ባለቤት «ግባ ልጄ» ብለው ፈቀዱልኝ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን መብራት ሄደ። ሲነጋ 81 ከመቶ ላይ ነበረች። ቀጠሮው በማግስቱ ጠዋት ስለነበር መጠበቅ አልቻልኩም።

ኤሲ ዘግቼ፣ ከ70 ሳላልፍ ነዳሁ። ሻሸመኔ የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም እማዬ «ጠፋችብህ?» ብላ ደነገጠች፤ ድምፅ የሌለው መኪና ለእሷ የቆመ መኪና ነው። ቆቃ ስንደርስ ሐይቁን ነገርኳት፤ ጣልያን በከፈለው የጦር ካሳ አዋሽ ላይ የተሠራውን ግድብ ከልጅነቷ ጀምሮ በስም ታውቀዋለች። ውሃው አልታያትም፤ ሽታው ግን ደረሳት።

ሞጆ ስገባ 19 ቀረ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ እቤት እንደማያደርሰኝ ሒሳቡ ግልጽ ነበር። መኪናዬም ከጅቡቲ ስትመጣ ያለፈችው በዚሁ በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ይህን ያህል መኪና በአንድ ከተማ እያሳለፍን፣ መንገዳችን ላይ ቻርጅ ማድረጊያ፣ ቤታችን ውስጥ ኧርዝ ሳናስቀድም መቅረታችን ያን ቀን አንገበገበኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ብየዳ ቤት አየሁ። ባለቤቱ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው።

«ወንድሜ፣ እናቴን ይዣለሁ፤ ሦስት ሰዓት ብሰካ ትፈቅድልኛለህ?»

ውስጥ ያለችውን እማዬን አየ። ከዚያ ያልተጠየቀውን ጠየቀ፦ «ብየዳ ስጀምር መብራቱ ይዋዥቃል። አይጎዳባችሁም?»

አላውቅም አልኩት። ማሽኑን አጠፋ። ለረዳቱ ብሩሽ አቀበለውና ሁለቱም ተበይደው ያለቁትን በሮች አንቲረስት መቀባት ጀመሩ። የሚጠበቅ ሥራ እንደነበረው አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ስልክ ተደውሎለት «ከሰዓት ይደርሳል» ሲል ሰምቻለሁ። ለእማዬ በርጩማ አወጣላት። «እማማ፣ እዚህ ጥላው ላይ ይቀመጡ።» ከአጠገቡ ካለችው ቡና አፍይ ሁለት ስኒ አስመጣ።

ግማሽ ሰዓት እንዳለፈ መጥቶ የኤክስቴንሽኑን ሶኬት በእጁ ዳሰሰው። «ይሄ ይቀልጥብሃል፤ ሽቦው ቀጭን ነው። ባለ 4 ካሬ አሠራ።» የእኔን ነቅሎ የራሱን ወፍራም ገመድ ቀጠለልኝ። እስከዚያ ቀን በሰላም ያደርኩባቸው ሌሊቶች ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ ያ ገመድ የሚያልፈው ልጆቼ በሚተኙበት ክፍል ሥር ነው።

36 ስትል ነቀልን። ብር ስሰጠው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ለረዳቱ እንዲሰጥልኝ ለምኜ በጭንቅ ተቀበለኝ፤ እማዬ ግን ቆማ፣ ፊቱን በሁለት እጇ ዳብሳ መረቀችው።

ከቢሾፍቱ በኋላ ቁጥሩ በፍጥነት መውረድ ጀመረ። እማዬ ሰሌዳውን ስለማታየው በየጥቂት ደቂቃው ትጠይቀኛለች።

ቱሉ ዲምቱ ላይ «ስንት ቀራት?» አለችኝ።

«አሥራ አራት።»

«ከሐዋሳ የያዝነው አልቆ የለ? አሁን የምንሄደው በዚያ ልጅ ነው» አለች።

አያት ግቢያችን ስንገባ 8 ይላል። መብራት ነበረ፤ ግን ያን ሌሊት አልሰካኋትም። ጠዋት መጀመሪያ ገመዱን ቀየርኩ።